የሰኞ ሳል

ጤና ጣቢያ ወረፋ መጠበቅ ለሽማግሌ ሥራ ነው። ደመወዝ የለውም እንጂ መግቢያ ሰዓት አለው፣ ባልደረባ አለው፣ የሚቆጣ አለቃም አለው። ባለፈው ሰኞ ለዚሁ ሥራዬ ከገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስወርድ በየፎቁ አንድ አንድ ጊዜ እየቆምኩ፣ ለሚያልፉኝ ጎረቤቶች ስልክ የማነብ እየመሰልኩ ነበር። ስልኬ ባትሪ አልነበረውም። የምሄደው ደም ግፊቴን ለመለካት ነው። የሰው ደም ግፊት ስለካ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ የልጅ ልጄ የምታህል ነርስ ክንዴን ጠምጥማ «አባባ፣ ጨው ይቀንሱ ብዬዎት አልነበረም?» ስትለኝ «ቀንሻለሁ» ብዬ እዋሻለሁ። ድሮ እኔ ፊት የተቀመጡት ሁሉ እንዲህ ሲዋሹኝ እንደኖሩ የገባኝ በዚህ ዕድሜዬ ነው። ሲዋሹ አመንኳቸው፤ እውነት ሲነግሩኝ ደግሞ ሳላምናቸው ቀረሁ። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ይኸው ነው።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እያንቀላፋሁ ሳለ ከበስተቀኜ አንድ ሰው ሳለ። ሰውየውን ሳላይ ሳሉን አወቅኩት። አጭር፣ ደረቅ፣ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሦስተኛው ላይ የሚያንቅ፤ ከኋላው ደግሞ ቀጭን ፉጨት የሚከተለው ሳል። እንዲህ ያለ ሳል የሰማሁት በሕይወቴ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዞር ስል ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሐል ያቆመ ሽማግሌ አየሁ። ፊቱን አላወቅኩትም። እሱ ግን አወቀኝ፤ «ድሬሰር» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው በሕይወት አለ ብዬ አላስብም ነበር። ሸምሱ ነበር።

ድሬሰር ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብዳል። ከሐኪም በታች፣ ከዘበኛ በላይ ነው። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ኪኒን ይቆርሳል። እኔ አቃቂ ውስጥ በነበረች አንዲት አነስተኛ የፈትል ፋብሪካ ድሬሰር ነበርኩ። ዛሬ ፋብሪካዋም የለች፣ አጥሯም የለ፤ ግቢዋ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ሠራተኞቹ የዕረፍት ወረቀት ሲፈልጉ «ዶክተር» ይሉኝ ነበር፤ ስከለክላቸው ደግሞ «ያ ቁስል አጣቢ»። ነጭ ጋዎኔን ባለቤቴ በየሳምንቱ እንዲነጣ ሰማያዊ ጨምራ ታጥብልኝ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ጫፉ የአቃቂን አቧራ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ እለብሳለሁ። ጎፈሬዬ የሐኪም ቆብ አላስገባ ብሎኝ ቆቡን ከላይ እንደ ማሰሮ ክዳን አስቀምጠው ነበር። ዛሬ ቆቡ ይገባል፤ ጎፈሬው ነው የጠፋው።

ከባቡር ጣቢያው ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ያኔ ዓለማችን ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ አንድ ጣሳ ጠላ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በስሙኒ እጅ ሙሉ። ከልብስ ሰፊው ራዲዮ የሚወጣው ዘፈን ባቡሩ ሲያፏጭ ይጠፋል፤ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ዘፋኟ እዚያው ፍቅረኛዋን ስትለምን እናገኛታለን። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት የሐጂ ሙዘይን ሱቅ ነበር። ሐጂ ከሳሙና እስከ ሚስማር፣ ከላምባ እስከ ቴምር ያላመጡት ዕቃ አልነበረም። ከባንኮኒያቸው ኋላ አልፎ አልፎ ሽር የምትል ዘይነባ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እኛ ወጣቶች ሳሙና የማያስፈልገን ቀን እንኳ ሳሙና እንገዛ ነበር። ቤቴ በሳሙና ሞልቶ ባለቤቴ «ሬሳ አጣቢ ሆነሃል እንዴ?» ብላኛለች።

እንግዲህ ሰኞ። ሰኞ ከምሳ በኋላ ክሊኒኬ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ሁሉም የሚመጡት ከባዘቶ ክፍል ነው፤ ይኸውም ጥሬው ጥጥ በማሽን ጥርስ የሚበጠርበት፣ ብናኙ ሰውን ከሰው የማያሳይበት ክፍል ነው። ደረታቸው ታፍኖ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ እየሳሉ ይመጣሉ። ማክሰኞ ቀለል ይላቸዋል፤ ሐሙስ ደህና ናቸው። እሁድን አርፈው ሰኞ ሲመለሱ እንደገና። ታዲያ ይህን ለማወቅ ምን ምርምር ያስፈልጋል? እሁድ ማኅበር አለ፣ ዝክር አለ፣ ዕድር አለ፤ ምንም ከሌለ ጠላ ቤት አለ። አንጎበር ነዋ። እኔ እንዲህ አልኩ፤ ካቦአችን ዘውዴም እንዲህ አለ፤ የሚገርመው ሕመምተኞቹ ራሳቸው እንዲህ አሉ።

ገብሬ የሚባል ሳቂታ ሰው ነበር። «ሁለት ጣሳ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ድሬሰር» ይለኛል ደረቱን ይዞ።

«ሁለቱ ናቸዋ የያዙህ።»

«አምስት ስጠጣ ግን አንድም አልያዘኝም ነበር።»

«ተመካክረው ነው።»

ይስቃል፤ ይስላል፤ እኔም «በመጠጥ ምክንያት» ብዬ ጽፌ ማኅተም እመታለሁ። ካቦ ዘውዴ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ስማቸውን የፋብሪካው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጥፋል፤ «የሰኞ ሰዎች» ይባላል ዝርዝሩ። ሴቶቹም ይስሉ ነበር፤ አብዛኞቹ መጠጥ የማይቀምሱ ናቸው። ለነሱም መልስ ነበረን፤ «ሲጠምቁ ሸቷቸው ነው» አልን። የተሳሳተ ሰው መልስ አያጣም፤ ስንት ዓመት በዚህ እንደሄድን ሳስበው ዛሬ ይደክመኛል። ሐኪማችንስ እንዳትሉ፤ ሐኪማችን ከከተማ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ሐሙስ ነበር የሚመጣው። ሐሙስ ሁሉም ደህና ነው። በሱ ደብተር ላይ የኛን ፋብሪካ ያህል ጤነኛ ቦታ አልነበረም።

ሸምሱ ከስልጤ የመጣ ቀጭን ልጅ ነበር። ወንድሞቹ ሁሉ ሱቅ ሲከፍቱ እሱ «ማሽን እወዳለሁ» ብሎ ባዘቶ ክፍል የገባ፣ ከሻይ ሌላ ሱስ የሌለበት። ዓመታት ሠርቶ አንድ ቀን ክሊኒክ አልመጣም ነበር። የመጣው አንድ ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ያንኑ ሳል እየሳለ።

«ምን ጠጣህ?» አልኩት።

«ሻይ።»

«ከሻዩ በፊት?»

«ውሃ።»

«ሸምሱ፣ እኔ ካቦ አይደለሁም። ለሐኪም አይዋሽም።»

«አንተ ሐኪም አይደለህም እኮ፣ ድሬሰር» አለኝ፤ በክፋት አልነበረም፤ ልጁ ነገርን በስሙ የሚጠራ ነበር። እኔ ግን ነደደኝ። የነደደው ሰው ደግሞ እጁ ይፈጥናል። እስላም ተደብቆ ይጠጣል፤ ተደብቆ የሚጠጣ የባሰ ነው ብዬ፣ ከሌሎቹ ረዘም አድርጌ «በድብቅ በመጠጣት ምክንያት» ብዬ ጻፍኩበት። ማኅተሙን ስመታ ጠረጴዛው ጮኸ።

በማግስቱ ጠዋት ስሙ ሰሌዳው ላይ ነበር። ሰሌዳው ደግሞ ከሐጂ ሙዘይን ሱቅ ፊት ለፊት ነው።

ማክሰኞ ማታ ሸምሱ ከሥራ ሲወጣ ክሊኒኬ በር ላይ ቆመ። እኛ ሳሙና ስንገዛ ለካ እሱ የዘይነባን ነገር እስከ ቤተሰብ አድርሶት ኖሯል፤ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ሽማግሌዎቼ ሐጂ ዘንድ የሚሄዱት የሚቀጥሉት ሁለት እሁዶች አልፈው በሦስተኛው ነው» አለኝ። «ዛሬ ሱቅ ገባሁ። ሻይ አዘዙልኝና ምንም አላሉኝም። ሐጂ ዝም ካሉ አልቋል ማለት ነው። ወረቀቱን አንሳልኝ።»

«በምን ምክንያት ላንሳው? ስለሃል፤ ሰኞ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ሌላ ምክንያት ባመጣልህስ?»

«አምጣ» አልኩት። ላባርረው ብዬ ነው።

በዚያው ሳምንት ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። ፋብሪካው ዓርብ ተዘግቶ ማክሰኞም ጭምር ሳይከፈት ዋለ። ሰኞ ክሊኒኬ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ጥፍሬን ስሞርድ ዋልኩ፤ እንዲህ ያለ ጤነኛ ሰኞ አይቼ አላውቅም። ረቡዕ ማሽኖቹ ተነሡ። ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ሸምሱ ነበር።

«ድሬሰር፣ ዛሬ ቀኑ ማነው?»

«ረቡዕ።»

«ደረቴን አዳምጥ።»

ማዳመጫዬን ጀርባው ላይ አደረግኩ። ያው ፉጨት። ከሱ ኋላ አግዳሚው ላይ እነ ገብሬ ተደርድረዋል፤ የሰኞዎቹ ፊቶች በሙሉ፣ በረቡዕ። «ትናንት ማኅበር ነበር እንዴ?» አልኩ ወደ ገብሬ።

«ትናንት ማክሰኞ ነው፣ ድሬሰር። ማክሰኞ ማኅበር የለንም» አለ ገብሬ፤ ያን ቀን አልሳቀም።

ሸምሱ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው አንድ በአንድ ደረደረልኝ። «ስካር የሚያመው ጠዋት ነው። እኛን የሚያመን ከምሳ በኋላ፣ ማሽኑ ሥር ግማሽ ቀን ከቆምን ነው። ቢሮ ያሉት እሁድ ይጠጣሉ፤ ሰኞ አይስሉም። አንተም ትጠጣለህ፤ አትስልም። ሰኞ ቤቴ ዋልኩ፤ ደረቴ ደህና ነበር። ዛሬ ሥራ ገባሁ፤ ታፈንኩ። ቀኑ አይደለም፤ ጥጡ ነው። ስናርፍ ሰውነታችን ጥጡን ይረሳዋል፤ ስንመለስ እንደ አዲስ ይጣላዋል።»

ዓመታት ያን ሳል ስሰማ የኖርኩት እኔ ነኝ። ማዳመጫው ያለው እኔ ጆሮ ላይ ነው። አራተኛ ክፍል የደረሰ የማሽን ሠራተኛ በአምስት ቀን ዕረፍት ደረሰበት። እውነት እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ ደስ አለኝ። ያን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከሠርጌ ቀን ይበልጥ ነበር ብል ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከመቃብር ትነሣብኛለች።

«እንግዲህ ጻፍልኝ» አለ ሸምሱ።

ወረቀቱ እዚያው ነበር። ማኅተሙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ። አንድ መስመር ነበር የሚበቃው፤ «ይህ ሰው አይጠጣም፤ ያመመው የጥጥ ብናኝ ነው።» እኔ ግን፣ «ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሸምሱ። በኔ ፊርማ አይሆንም። ነገ ሐሙስ ነው፤ ሐኪሙ ይምጣ» አልኩት። ሲናገሩት ጥንቃቄ ይመስላል። ውስጡን ላውጣው ካልኩ ግን ነገሩ ከኔ እጅ ወጥቶ በሩ ላይ ከተለጠፈ፣ ካቦ ዘውዴ አንብቦት ለሐኪሙ ቀድሞ ይነግርብኛል ብዬ ሰጋሁ። ሐኪሙ ከኔ አፍ እንዲሰማው ፈለግኩ። ሐኪሙ ትከሻዬን መታ ሲያደርግ፣ ለትልልቆቹ ሲያወራልኝ፣ ከዚያች ጠባብ ክፍል አውጥቶ ኮርስ ሲልከኝ ታየኝ። ቆቡ እንኳ ልክ ገብቶ ታየኝ።

ሐሙስ ሐኪሙ አልመጣም፤ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ተልኳል ተባለ። እስኪመለስ ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረ፣ አንድ የቀድሞ ሐኪም ትቶት የሄደ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣሁ። እስከዚያ ድረስ የመርፌ መቀቀያውን አጭር እግር ሲደግፍ የኖረ መጽሐፍ ነው። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ስፈልግ አገኘሁት። በሩቅ አገር የጥጥ ሠራተኞችም ከዕረፍት በተመለሱበት ቀን ደረታቸው እንደሚታፈን፣ ይህም ከብዙ ዘመን በፊት የታወቀ እንደሆነ ይናገራል። ስም ሁሉ ነበረው። እኔ ሰውን ሰካራም እያልኩ ስጽፍ፣ መልሱ የመቀቀያዬ እግር ሥር ነበር። ታዲያ ማስረጃው በእጄ ከገባ በኋላ እንኳ አልጻፍኩለትም። «ሐሙስ» አልኩት። ያኛውም ሐሙስ ሐኪሙ ሳይመጣ አለፈ። ሸምሱ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ በክሊኒኬ በር ያልፋል፤ አንገቱን ብቅ ያደርጋል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ይሄዳል።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ሐጂ በክብር ተቀበሏቸው። የሰሌዳውን ነገር አንሥተው «ሐሰት ነው የምትሉ ከሆነ ወረቀት አለ?» ብለው ጠየቁ። «ይመጣል» አሉ ሽማግሌዎቹ። «እንግዲያው ሲመጣ ኑ» አሉ ሐጂ። ሰው እንደነገረኝ ከሆነ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣቸውም። በዚያው ሳምንት ረቡዕ መርካቶ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ለልጁ ዘይነባን ጠየቀ፤ እሺ ተባለ።

በማግስቱ ሐሙስ ሐኪሙ መጣ። ነገርኩት፤ መጽሐፉን ገልጬ አሳየሁት። የሸምሱን ስም አላነሳሁም። «ጎበዝ፤ ዓይን አለህ» አለኝ። «አመሰግናለሁ» አልኩ። የሰኞ ዝርዝር ተነሣ፤ ለባዘቶ ክፍል ሰዎች አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ጨርቅ ታደለ፤ እኔም እንደተመኘሁት ኮርስ ተላክሁ። ለሸምሱ ወረቀቱን የሰጠሁት ዓርብ ነው፤ በሦስት መስመር፣ በሁለት ማኅተም። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አጥፎ ቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ከተተውና «አመሰግናለሁ» አለ። ወሩ ሳያልቅ ከፋብሪካው ወጣ። እንዲያው በዘይነባ ቀንተህ ነው እንዴ የዘገየኸው ትሉኝ እንደሆነ፣ የገዛሁትን ሳሙና ቆጥሬ ራሴንም ጠይቄአለሁ። አይደለም። በቅናት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቅናት ቢያንስ ስለሷ ማሰብ ነው። እኔ ስለማንም አላሰብኩም።

ገብሬ ደግሞ ነገሩን ሳስረዳው «አንጎበሩ ይሻለኝ ነበር፣ ድሬሰር። አንጎበር ይለቃል» አለኝ። አለቀቀውም። ከቀበርነው ብዙ ዘመን ሆነ።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው እንግዲህ ባለፈው ሰኞ አግዳሚው ላይ ከሸምሱ አጠገብ የተቀመጥኩት። መጀመሪያ ስለ ቤት አወራን። እሱ ቱሉ ዲምቱ ልጁ ጋር ነው የሚኖረው፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ ስለው «ሊፍት ሊሠራላችሁ ነው አሉ» ብሎ ቀለደብኝ። አግብቶ ስድስት ወልዷል፤ ባለቤቱ ካለፈች ሁለት ረመዳን ሆኗታል። ከፋብሪካው እንደወጣ የከፈተው ፍራሽ ቤት ነበር። «ጥጥ አልለቀቀኝም» አለ። «ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ፍራሽ ስሞላ፣ ራሴ ተጋድሜ መተኛት አልቻልኩም፤ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው።» እንዲህ ሲል በየሦስት ቃሉ ትንፋሹን ይሰበስባል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልጄ አልፍ ነበር። ድካም ግን ለአንዳንድ ነገር ይጠቅማል፤ ቀልዱም ደከመኝ። «ሸምሱ፣ ያን ወረቀት ያን ረቡዕ ልጽፍልህ እችል ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

«አይተኸው ነበር?»

«ከሱ ሌላ ምን አያለሁ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

ከዘራውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «በኋላማ ተቆጥቻለሁ። ስንት ዓመት በመንገድህ አላለፍኩም። ያን ቀን ግን ፊትህ በርቶ ነበር። እኔ የነገርኩት ነገር የተማረ ሰው ፊት ሲያበራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይሄ ሰው ይጽፋል ብዬ ሄድኩ።»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ልፈታ ልቋጥር ጀመርኩ። የሸምሱ የወረፋ ቁጥር ተጠራ። ብድግ ሲል አቃተው፤ ክንዱን ያዝኩና አብሬው ገባሁ፤ ማንም አልከለከለኝም፤ ሁለት ሽማግሌ ሲደጋገፍ ማን ይለያያል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ያልተኛችበት ሌሊት ይታያል። «አባት፣ ያጨሱ ነበር?»

«አላጨስም።»

«መጠጥስ?»

ሸምሱ ወደኔ ዞረ። መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሐኪሟ ውሃ እስክትሰጠው ድረስ። «አልጠጣም፣ ልጄ» አለ እንባውን እየጠረገ።

«ሥራዎ ምን ነበር?»

«ንግድ።»

አንገቷን ደፍታ ካርዱ ላይ «አስም» ብላ ስትጽፍ አየሁ። አሮጌው ልማዴ ተነሣብኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ድሮ …» ብዬ ጀመርኩ። ሸምሱ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ከባድ እጅ አልነበረም። አፌን ዘጋሁ።

ራሱ ነገራት። ስለ ባዘቶው ክፍል፣ ስለ ሰኞ፣ ስለዚያ ረቡዕ፤ እንደ ድሮው አንድ በአንድ እየደረደረ፣ ትንፋሹ በየመሐሉ እየተቆረጠ። ውጭ ወረፋው ያጉረመርም ጀመር። ሁለት ጊዜ ቃል ላቀብለው ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

«ይህን የነገረዎት የትኛው ሐኪም ነው?» አለችው።

«ሐኪም አልነገረኝም። እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

ሽማግሌው እየቃዠ ይሆን በሚል ዓይን ወደኔ ተመለከተች። «እውነቱን ነው» አልኳት። «ድሬሰሩ እኔ ነበርኩ።»

የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ ወንበሯንም ወደሱ አስጠጋች። «እስቲ፣ አባት፣ ማሽኑ ሥር ስንት ዓመት ሠሩ? ፍራሽ ቤቱስ?»

ሸምሱ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ በጣትና በጣት መሐል እየተነፈሰ። ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ አላገዝኩትም።